ሰንጠረዥ ላይ ማን ይቀድማል?

ሰሞኑን አዲስ አበባ ያለ የድሮ ተማሪዬ አንድ ጥያቄ ላከልኝ። ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ጨዋታ አለ፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ ጦረኛም ጠንቋይም ሆነው ይገባሉ። ውጊያ ሲነሳ ማን ቀድሞ እንደሚመታ በዳይስ ይወሰናል። «ቲቸር፣ የእኛ አገር ሰው ይሄን በምን ይወስን ነበር?» ይላል። ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ እዚህ ብመልሰው ይሻላል ብዬ ነው፤ ግምጃ ቤት ያስተማርኳችሁ ሁሉ ታነቡታላችሁ።

ስለ እነሱ ጨዋታ በአጭሩ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ያሳተሙት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትም እያንዳንዱ ተጫዋች ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጥላል፣ የቅልጥፍናውን ነጥብ ይደምርበታል፣ ትልቅ ቁጥር ያመጣ ይቀድማል። ከዚያ ተራው እንደ ዕቁብ ይዞራል። መቅደም በዕድል መሆኑ ነው።

ወደ እኛው እንምጣ። ሰንጠረዥ ስላችሁ የሒሳብ መጽሐፍ ላይ ያለው ባለ መስመር ሣጥን እንደሚታያችሁ አውቃለሁ። ቃሉ ግን የጨዋታ ስም ነው። ሕንዶች «ቻቱራንጋ» ያሉትን ፋርሶች ተቀበሉት፣ ዐረቦች «ሸጥረንጅ» አሉት፣ እኛ ጋ ሰንጠረዥ ሆነ። ዛሬ ቼዝ የምንለው የዚሁ ዘመድ ነው።

የአገራችን ሰንጠረዥ መነሻ ላይ ከሌላው ዓለም ይለያል። ተራ የለም! ሁለቱም ሠራዊታቸውን ደርድረው ሲጨርሱ በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ይጀምራሉ። አንዱ ሦስት ሲያንቀሳቅስ ሌላው አምስት ቢያንቀሳቅስ የሚከለክለው የለም። እያንዳንዱ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፣ ያወጣውን መልሶ ይስባል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ወረራው የሚያበቃው አንዱ ከሌላው የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ እንደ ዛሬው ቼዝ ተራ በተራ ይሆናል።

ይህን ከጻፉት አንዱ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የመጣው ዋልተር ፕላውደን ነው። መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. ነው። ከእሱ በፊት ሄንሪ ሶልት በትግራይ ራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ጨዋታውን አይቷል። ሁሉንም አሰባስበው በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ያወጡት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። እሳቸው እንደሚሉት ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጠፍቷል። (ወረራ ያለበትን ጨዋታ ወረራ አጠፋው። ቃሉ ላይ እንዳትስቁ።)

ለምን እንዲህ ሆነ? እኔ የሚመስለኝ ከጠጠሮቹ ፍጥነት ጋር ይያያዛል። የዛሬዋ ንግሥት ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ትሮጣለች። በእሷ ቦታ ያለው ፈርዝ ግን በማዕዘን አንዲት ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ ሁለት ቤት በማዕዘን ይዘልና እዚያው ይቆማል። እግረኛው አንድ አንድ ቤት ነው። በዚህ እርምጃ ሁለቱ ጦሮች እስኪገናኙ ቡናው ሦስተኛ ይደርሳል። ዐረቦች ለዚሁ ችግር «ታቢያ» የሚሏቸውን የታወቁ አሰላለፎች አጠኑ፤ ቢሆንም ተራ አልተዉም። የእኛ ሰዎች ተራውን ራሱን አነሱት።

አንዳንዱ «ይሄማ እጁ የፈጠነ ያሸንፋል ማለት ነው» ይላል። እስቲ አስቡት። በወረራ ጊዜ የፈጠነው የሚያገኘው ቦታ ነው፤ ዘግይቶ የሚያሰልፈው ደግሞ አይቶ ያሰልፋል። ዋናው ውሳኔ «መቼ ልብላ?» የሚለው ነው። የበላ ሰው ያንን ነጻነት ለራሱም ለባላጋራውም ይዘጋል፣ ቀጣዩንም እርምጃ ለባላጋራው ይሰጣል። ለአንዲት እግረኛ ብሎ የቸኮለ፣ ፈረሱ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ጦርነት ከፍቷል። ለእኔ ይህ ከዳይስ የበለጠ ፍርድ የሚጠይቅ ነገር ነው። እዚያ ዕድል ቀዳሚውን ይመርጥልሃል፣ እዚህ የመቅደምን ዋጋ ራስህ ትተምናለህ።

ከእውነተኛው ጦርነት ጋር አነጻጽሩት። ምኒልክ ክተት ያወጁት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። አምባላጌ ላይ ውጊያ የተከፈተው ኅዳር 28፣ አድዋ ደግሞ የካቲት 23 ነው። በክተቱና በአምባላጌ መካከል ባሉት ወራት ተራ የሚጠብቅ አልነበረም። አንዱ ስንቅ ያጓጉዛል፣ ሌላው ምሽግ ይቆፍራል፣ ሁለቱም ይሰላለላሉ። ሰንጠረዥ ይጫወቱ የነበሩት ባላባቶችና የጦር አለቆች ናቸውና ጨዋታው የሚያውቁትን ጦርነት ቢመስል አይገርምም።

የእኛን አገር ጉግስ የምታውቁ፣ ጥር 23 እንጅባራ ወርዳችሁ ያያችሁ፣ እዚያ ደግሞ ሌላ ሕግ እንዳለ ታስታውሳላችሁ። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል፣ ከዚያ ይገላበጣል። እዚያ ተራ አለ። ስለዚህ «አበሻ ተራ አያውቅም» ብላችሁ ልትቀልዱ ያሰባችሁ እዚያው ተዉት።

የአጨራረሱንም ሕግ ልጨምር። ንጉሡን በፈረስ ወይም በግንብ መያዝ እምብዛም አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ በፊልና በእግረኛ መያዝ ግን ያስከብራል። ሠራዊቱ በሙሉ ያለቀበት ብቸኛ ንጉሥ ደግሞ አይያዝም። ስለዚህ አሸናፊው የባላጋራውን ጦር ጨርሶ እንዳይፈጀው መጠንቀቅ አለበት።

ቤታችሁ ባለው ቼዝ መሞከር ትችላላችሁ። ንግሥቷን ፈርዝ፣ ጳጳሱን ፊል አድርጉ፣ እግረኞቹን አንድ አንድ ቤት አስኪዱ። ሰዓቱን አጥፉና ሁለታችሁም አንዴ ጀምሩ። ማን ቀድሞ እንደበላና በስንት ደቂቃው እንደሆነ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አያቶቻችሁ ቤት ከቀንድ ወይም ከእንጨት የተጠረበ አሮጌ ጠጠር ካለ ደግሞ ለልጆች መጫወቻ ሳትሰጡት ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ።