ብሩ፣ መካሪው እና ወንበሩ

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ አንድ ወዳጃችን ዘግይቶ መጣ። ክፍለ ሀገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ዶክትሬቱን ከጀመረ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። “ትምህርቱ እንዴት ነው?” አልነው። “ደመወዜ አልተቋረጠም፤ የምርምር ገንዘብም ትንሽ ትንሽ ይለቀቅልኛል” አለና ጥቂት ዝም ብሎ፣ “አማካሪዬን ግን በዓመት ሁለቴ ባገኘው ነው፤ እሱንም ኮሪደር ላይ” ሲል ጨመረ። ደግ ልጅ ስለሆነ አማካሪውን አልወቀሰም። “አሥራ ምናምን ተማሪ ጭነውበት ምን ያድርግ!” አለ።

ከመካከላችን አንዱ “ታዲያ ምን ጎደለህ? ብሩ አለህ አይደል?” አለው። ሳቅን። ሳቁ ሲያልፍ ግን ጥያቄው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። አንድን የዶክትሬት ተማሪ ፕሮፌሰር የሚያደርገው ምንድን ነው? ገንዘብ ብቻ ነው? ይሄ ጽሑፍ የዚያ ቡና ውጤት ነው። ጥያቄው ራቁቱን የቆመበትን ታሪክ ስንፈልግ የጥቁር አሜሪካውያን ምሁራንን ታሪክ አገኘን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ዓመት፣ ሁለት ታሪክ

አሜሪካ ራሷ ዶክትሬት መስጠት የጀመረችው ዘግይታ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዲግሪዎች የሰጠው ዬል ነው፤ በ1861። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ የተማረ ለመባል የፈለገ አሜሪካዊ ሻንጣውን ይዞ ወደ ጀርመን ይሄድ ነበር።

በ1876 ባልቲሞር ላይ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዳንኤል ኮይት ጊልማን አዲስ ነገር አመጡ። ተማሪው ከፍሎ እንዲማር ከማድረግ ይልቅ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለተመረጡ ተመራማሪዎች በዓመት 500 ዶላር ሊከፍል ወሰነ። በመጀመሪያው ዙር 20 ወጣቶች ይህን ዕድል አገኙ፤ በኋላ ታላቅ ፈላስፋ የሆኑት ጆሳያ ሮይስ ከነሱ አንዱ ነበሩ። ዛሬ “ፌሎሺፕ” የምንለው ነገር አሜሪካ ውስጥ ሥር የያዘው በዚህ መንገድ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የነገውን መምህር ከፈለግህ ዛሬ የዳቦውን ነገር አንሳለት።

በዚያው በ1876 ሌላ ነገርም ሆነ። ኤድዋርድ ቡሼ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ከዬል በፊዚክስ ዶክትሬት ተቀበሉ። በአሜሪካ ምድር ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር ናቸው። ገንዘቡ አላስቸገራቸውም፤ አልፍሬድ ኮፕ የተባሉ የፊላደልፊያ ደግ ሰው ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ ደግፈዋቸዋል። ከዚያስ? በዚያ ዘመን በፊዚክስ ዶክትሬት ያለው አሜሪካዊ በጣት የሚቆጠር ነበር። ቡሼ ግን የዩኒቨርሲቲ በር አልተከፈተላቸውም። ፊላደልፊያ ውስጥ በጥቁሮች ትምህርት ቤት 26 ዓመት ሳይንስ አስተማሩ። በ1902 ትምህርት ቤቱ ወደ ሙያ ሥልጠና አዘንብሎ የቀለም ትምህርቱን ሲዘጋ፣ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ተሰናበቱ።

ብሩ ነበረ። ወንበሩ አልነበረም።

የ750 ዶላሩ ደብዳቤ

ሁለተኛው ታሪክ የዱ ቦይስ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው የፓን አፍሪካኒዝም አባት አድርገን ነው። ከዚያ በፊት ግን የነጻ ትምህርት ዕድል ደጅ የሚጠኑ ምስኪን ተማሪ ነበሩ፤ እንደኛው።

በ1882 ጆን ስሌተር የተባሉ ባለፋብሪካ ከባርነት ለወጡ ሰዎች ትምህርት የሚሆን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጥተው አንድ ፈንድ ቋቁመው ነበር። ሊቀመንበሩ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ራዘርፎርድ ሄይስ ነበሩ። ሄይስ በ1890 ባደረጉት ንግግር፣ ለትምህርት የተለየ ተሰጥኦ ያለው ጥቁር ወጣት ከተገኘ ወደ አውሮፓ ልከን ልናስተምረው ዝግጁ ነን፤ እስካሁን ያየነው ግን የንግግር ተሰጥኦ ብቻ ነው ማለታቸው በጋዜጣ ወጣ። ዱ ቦይስ ሐርቫርድ ሆነው ይህንን አነበቡ። የ22 ዓመት ወጣት ናቸው። አመለከቱ። መልሱ “እንዲህ ያለ ዕቅድ የለንም” የሚል ሆነ።

እኛ ብንሆን እዚህ ላይ “እግዜር ያውቃል” ብለን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። ዱ ቦይስ ግን ለቀድሞው ፕሬዚዳንት የቁጣ ደብዳቤ ጻፉ። በሕዝብ ፊት “ሰው አጣን” ብላችሁ ስታበቁ ሰው ሲመጣ “ዕቅድ የለንም” ማለት ወገኖቼን መስደብ ነው ዓይነት ነገር። ከዚያም ከየመምህሮቻቸው የድጋፍ ደብዳቤ አሰባስበው መወትወታቸውን ቀጠሉ። በ1892 ፈንዱ 750 ዶላር ፈቀደ፤ ግማሹ ስጦታ፣ ግማሹ ብድር። ዱ ቦይስ በርሊን ገቡ።

በርሊን ሁለት ዓመት ተማሩ። ለጀርመን ዶክትሬት የሚሆን ጽሑፍም አዘጋጅተው ነበር፤ ደንቡ የሚጠይቀውን ቆይታ ለመሙላት ግን ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልጋቸው ነበር። በዚህ መሐል ሄይስ በ1893 አረፉ። ፈንዱን የመሩት ማን ናቸው? የጆንስ ሆፕኪንሱ ጊልማን! ለአሜሪካ ተመራማሪዎች ፌሎሺፕን ያስለመዱት ሰው ለዱ ቦይስ ተጨማሪ ዓመት አልፈቀዱም። ተመልሰው ለወገኖቻቸው የሚጠቅም ሥራ ቢሠሩ ይሻላል የሚል ምክርም አከሉበት። ጊልማን ክፉ ሰው ነበሩ ለማለት አይደለም። ለአንዱ ተማሪ “የፈለግከውን መርምር” ሲሉ ለሌላው “የሚጠቅምህን እኛ እናውቅልሃለን” ማለታቸው ግን ልብ ይሏል።

ዱ ቦይስ ተመልሰው በ1895 ከሐርቫርድ ዶክትሬት ተቀበሉ፤ ከሐርቫርድ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኑ። በ1896 የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊላደልፊያን ጥቁሮች ኑሮ እንዲያጠኑ ቀጠራቸው። በ1899 የታተመው ያ ጥናት ዛሬ የአሜሪካ ሶሺዮሎጂ መሠረት ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ ነው። ግን ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ፊት አላቆማቸውም። ማዕረጋቸው ረዳት፣ ሥራቸው መንደር ለመንደር ዞሮ መጠየቅ ነበር። ቋሚ ወንበር ያገኙት ከዚያ በኋላ አትላንታ ላይ፣ በጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው።

አማካሪ ያጡት ሰው

ሦስተኛው ታሪክ ወደ ቤታችን ይቀርባል። ዊሊያም ሊዮ ሃንስበሪ ከ1922 እስከ 1959 ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንት አፍሪካን ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አፍሪካ ታሪክ የላትም በሚባልበት ዘመን ስለ ኩሽና ስለ አክሱም ያስተምሩ ነበር። የናይጄሪያው ናምዲ አዚኪዌ ተማሪያቸው ነበሩ። በ1934 እዚያው ሃዋርድ ሕክምና ይማሩ ከነበሩት ከመላኩ በያን ጋር ሆነው የኢትዮጵያ የምርምር ጉባኤን አቋቋሙ፤ ወረራው ሲመጣ ለኢትዮጵያ ድምፅ ከሆኑት ማኅበሮች አንዱ እሱ ነው።

እኚህ ሰው ዶክትሬት አልነበራቸውም። ሰነፍ ስለነበሩ አይደለም። በ1932 ከሐርቫርድ ማስተርስ አግኝተዋል፤ በመስካቸው ዶክትሬታቸውን ሊያማክር የሚችል ዩኒቨርሲቲ ግን አልተገኘም። የሚያማክራቸው የለም፤ ስለዚህ ዲግሪው የለም። ዲግሪው ስለሌለ ማዕረጉም፣ የምርምር ገንዘቡም በጠብታ ነው የሚመጣው። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በአፍሪካ ጥናት ሽልማት ሰጣቸው። በዓመቱ በ1965 አረፉ። የገዛ አገራቸው ዩኒቨርሲቲዎች ሊሰጧቸው ያልቻሉትን ክብር አዲስ አበባ ሰጠቻቸው ብንል አልተጋነነም።

ወንበር የገዛው ፈንድ

የሲርስ ሮበክ ባለሀብት የነበሩት ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ያቋቋሙት ፈንድ ከ1928 ጀምሮ ለጥቁር ምሁራንና አርቲስቶች ፌሎሺፕ ይሰጥ ነበር። ራልፍ በንችና ታሪክ ጸሐፊው ጆን ሆፕ ፍራንክሊን የዚህ ዕድል ተጠቃሚዎች ናቸው። ፈንዱ ግን ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር ገባው። ሰው እያስተማሩ በሩ ላይ መተው ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለዚህ በ1942 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ ምሁሩን አሊሰን ዴቪስን እንዲቀጥር ፈንዱ ደመወዛቸውን ራሴ እከፍላለሁ አለ። ዩኒቨርሲቲውም ቀጠራቸው። ነጭ ተማሪዎች በሚበዙበት ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ የማስተማር ቦታ ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር እንደሆኑ ይነገርላቸዋል። የመምህራኑ ክበብ ግን ለዓመታት በአባልነት አልተቀበላቸውም። አብሮህ የሚያስተምር ሰው አብሮህ ምሳ እንዳይበላ! ቢሆንም በሩ ተሰነጠቀ፤ ዴቪስ እዚያው ቋሚ ፕሮፌሰር ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የገንዘቡ ዘመን መጣ። በ1945 የውድሮ ዊልሰን ፌሎሺፕ ከጦርነት የተመለሱ ወጣቶችን ወደ መምህርነት ለመሳብ ተጀመረ። በ1957 ሶቪየቶች ስፑትኒክን ሲያመጥቁ አሜሪካ ደነገጠች፤ በ1958 በወጣው የመከላከያ ትምህርት ሕግ መንግሥት በሺህ ለሚቆጠሩ የዶክትሬት ተማሪዎች መክፈል ጀመረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዶክተሩ በዝቶ ሥራው አነሰ። ብር ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ያኔም ታየ።

ትምህርቱ የተቀመረው በኋላ ነው። በ1984 ፍሎሪዳ ውስጥ የማክናይት ፌሎሺፕ ተጀመረ። በ1993 ደግሞ የደቡብ ግዛቶች የትምህርት ቦርድ የራሱን የዶክትሬት መርሐ ግብር ጀመረ። እነዚህ ወርኃዊ ገንዘብ ብቻ አይደሉም የሚሰጡት። ተማሪው በየዓመቱ ከብጤዎቹ ጋር ይገናኛል፤ እንዴት እንደሚያስተምር፣ እንዴት እንደሚያሳትም፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ምን ይዞ እንደሚቀርብ ይማራል፤ ቀጣሪዎችን ያገኛል። ብሩን፣ መካሪውንና ወንበሩን በአንድ ገመድ ማሰር ማለት ይሄ ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የፎርድ ፋውንዴሽን ዝነኛ የዶክትሬት ፌሎሺፖቹን እንደሚያቆም በ2022 አስታወቀ። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘርን ያገናዘበ የተማሪ ቅበላን ከለከለ። በመጋቢት 2025 የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ለቢዝነስ ዶክትሬት ተማሪዎች ከቆመ አንድ ድርጅት ጋር ሠርተዋል ያላቸውን 45 ዩኒቨርሲቲዎች መመርመር ጀመረ። ዘርን የሚለይ ዕድል ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ እንተወው። እኛን የሚመለከተን በመቶ ሃምሳ ዓመት የተሠራው ገመድ እንዴት በቀላሉ ሊፈታ እንደሚችል ነው።

ወደኛው ቤት

በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፣ በ1961 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ አብዛኞቹ መምህራን የውጭ ሰዎች ነበሩ። መላው ምን ነበር? ጎበዝ ተመራቂን በረዳት መምህርነት አስቀርቶ ውጭ ልኮ ማስተማር። ሄዶ ሲመለስ ወንበሩ ይጠብቀዋል። ተማሪው የሚመለስበትን ክፍል ቁጥር እያወቀ ነበር የሚሄደው ማለት ይቻላል። ከ1974 በኋላ ግን ብዙዎቹ በወጡበት ቀሩ። ለምን እንደቀሩ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም፤ በየቤታችን የምናውቀው ነው።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን እንውሰድ። ከአለማያ ኮሌጅ ወጥተው አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ የማሽላ ተመራማሪው ጆን አክስቴል አማከሯቸው፤ በ1978 ዶክትሬታቸውን ያዙ። ሱዳን ሄደው ድርቅ የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ አወጡ። በ1984 እዚያው ፐርዱ መምህር ሆኑ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ብሩም፣ መካሪውም፣ ወንበሩም ሞላላቸው። ወንበሩ ግን ያለው ኢንዲያና ነው። ሥራቸው ለአፍሪካ ገበሬ ደርሷልና አንቆጭም፤ ግን እንጠይቃለን።

በ1978 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። በ1991 ሁለት የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ አንክድም። ወንበሩ በዛ። ብሩም፣ ቢያንስም፣ አለ። የጎደለው መካከለኛው ነው። የቡሼ ችግር ወንበር ማጣት ነበር፤ የወዳጃችን ችግር የሃንስበሪ ነው።

ስለዚህ ለሚመለከተው ሁሉ የምንለው አንድ ነገር ነው። ውል ሲፈረም፣ ዋስ ሲጠራ፣ በጀት ሲለቀቅ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ ይህን ተማሪ ማን፣ በወር ስንት ሰዓት ያማክረዋል? ለአማካሪውስ ለዚያ ሰዓት ከማስተማር ጭነቱ ምን ይቀነስለታል? ውጭ ያሉት ምሁሮቻችንም ለበዓል ሲመጡ አንድ ንግግር አድርገው ከሚሄዱ እያንዳንዳቸው አንድ ተማሪ ቢይዙ ምን ይመስላችኋል? ለዚህ የአውሮፕላን ትኬት አያስፈልግም።

ወዳጃችን ሲሰናበተን “ሰኞ ኮሪደሩ ላይ እጠብቀዋለሁ” አለ። አሁንም ሳቅን። ዱ ቦይስ ግን ኮሪደር ላይ አልጠበቁም፤ ደብዳቤ ጻፉ። እኛም ለወዳጃችን የመከርነው ይህንኑ ነው።