ለምን መቶ አልሆነም?

ዘዌ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ፕሮትራክተሩን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ እያየ፣ «ቲቸር፣ ቀጤ ዘዌ ለምን 90 ሆነ? 100 ቢሆን አይቀልም ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። «ዝም ብለህ ለካ» አልኩት። ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ እጁን ሲያወጣ አላየሁም።

መልሱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። ባቢሎናውያን በ60 ይቆጥሩ ነበር። የግሪክ የከዋክብት ተመራማሪዎችም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ክብን በ360 ሲከፍሉ የእነርሱን አቆጣጠር ተከትለው ነው። 360 ደግሞ ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ለጋስ ቁጥር ነው።

ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1789 አብዮት በኋላ የፈረንሳይ ሊቃውንት የዚያን ልጅ ሐሳብ አስበው፣ ቀጤ ዘዌን በእርግጥም በ100 ከፍለውት ነበር! መለኪያውን ግራድ አሉት። ችግሩ፣ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት እያንዳንዱ ዘዌው 60 መሆኑ ቀርቶ 66.66… እያለ ማለቂያ አጣ። (ምነው ይህን ነግሬው ቢሆን!) ግራድ ዛሬም በብዙ ሳይንሳዊ ካልኩሌተሮች ውስጥ አለ፤ የሚነካው ግን ጥቂት ሰው ነው።

አሁን ትምህርቱን የምጀምረው ያለ ፕሮትራክተር ነው። ልጆቹ ወረቀት ሁለት ጊዜ አጥፈው ቀጤ ዘዌ ይሠራሉ፤ እኔም፣ «ስንት ቦታ እንክፈለው?» እላቸዋለሁ።