የሌላውን ስም የተሸከመ ቋንቋ፦ የፓሚር ሳሪኮሊዎች ታሪክ

ዛሬ ከዕለቱ ወሬ ወጣ ብለን ወደ መካከለኛው እስያ እንሄዳለን። ጉዳዩ ሩቅ ይመስላል፤ ለምን እንዳነሳሁት ግን ወደ መጨረሻው ላይ ግልጽ ይሆናል። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ የታጂኪስታን ሰው ከዱሻንቤ ተነስቶ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ ቻይና ውስጥ ታሽኩርጋን ወደምትባለው የተራራ ከተማ ገባ እንበል። በወረቀት ከሄድን ወገኖቹ ዘንድ ደርሷል። የብዙዎቹ ነዋሪዎች መታወቂያ «ታጂክ» ይላል። ወረዳውም በይፋ የታጂክ ራስ ገዝ ወረዳ ነው። ሰላምታ ተለዋውጠው ወሬ ሲጀምሩ ግን አይግባቡም።

እሱ ሦስትን «ሴ» ሲል እነሱ «ሃሮይ» ይላሉ። ስድስት ለእሱ «ሻሽ» ነው፤ ለእነሱ «ኸል»። ፀሐይን እሱ «ኦፍቶብ» ይላታል፤ እነሱ «ኸር»። ምላስን፣ ቋንቋንም ጭምር፣ እሱ «ዛቦን» ሲል እነሱ «ዚቭ» ይላሉ።

የእሱ ታጂክኛ የፋርስኛ አንዱ ዓይነት ነው። የእነሱ ቋንቋ ምሁራን ሳሪኮሊ የሚሉት ሲሆን፣ ከፋርስኛ የተለየ የምሥራቅ ኢራን ቋንቋ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ በታጂኪስታንና በአፍጋኒስታን ፓሚር የሚነገሩት ሹግኒና ሩሻኒ ናቸው። ሁለቱም ከአንድ ግንድ ወጥተዋል፤ አማርኛና ትግርኛም ከአንድ ግንድ ወጥተዋል። አንዱን የሚያውቅ ሁሉ ሌላውን ይሰማል ብሎ የሚከራከር የለም።

ታዲያ ይህ ቋንቋ እንዴት የሌላ ቋንቋ ስም ተሸከመ? ስሙስ ምን አስከተለበት?

መጀመሪያ ቦታውን እንየው። ታሽኩርጋን በሺንጂያንግ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ የፈተነው ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ይገባዋል። ወረዳው ከታጂኪስታን፣ ከአፍጋኒስታንና ከፓኪስታን ይዋሰናል። ወደ ፓኪስታን የሚያሻግረው የኹንጄራብ መተላለፊያ ወደ 4,700 ሜትር ይጠጋል፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ በላይ ነው። ሕዝቡ በሸለቆው ገብስና ስንዴ ይዘራል፤ በጎች፣ ፍየሎችና ያክ የሚባለውን ጠጉራም የደጋ ከብት ያረባል። በበጋ ወደ ላይኛው ግጦሽ ይወጣል፤ ብርዱ ሲመጣ ይወርዳል።

የከተማዋ ስም በቱርክ ቋንቋዎች «የድንጋይ ምሽግ» ማለት ነው፤ የምሽጉ ፍርስራሽ ዛሬም ቆሟል። የጥንቱ የሐር መንገድ አንዱ ቅርንጫፍ በዚህ በኩል ያልፍ ነበር። በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከህንድ ወደ ቻይና ሲመለስ የነበረው የቡድሃ መነኩሴ ሽዋንዛንግም እዚህ አርፎ ስለ አገሩ ጽፏል። የነዋሪዎቹ ጽሕፈትና ቋንቋ ከካሽጋር ሰዎች ጋር በአብዛኛው እንደሚመሳሰል መዝግቧል። ስለ ነገሥታቱ ዘር የሰማውን አፈ ታሪክም ትቶልናል።

አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። የፋርስ ንጉሥ ከቻይና ሙሽራ አጭቶ መልእክተኞች ያመጡለታል። እዚህ ሲደርሱ ጦርነት ተነስቶ መንገዱ በሁለቱም በኩል ይዘጋል። ልዕልቲቱን ሰው በማይደርስበት አምባ ላይ አስቀምጠው ቀንና ሌሊት ይጠብቋታል። ከሦስት ወር በኋላ ሰላም ሲሆንና ጉዞው ሊቀጥል ሲል ልዕልቲቱ ነፍሰ ጡር ሆና ትገኛለች። መልእክተኛው በድንጋጤ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ያን ጊዜ አንዲት አገልጋይ «ማንንም አትጠርጥሩ፤ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ከፀሐይ ውስጥ በፈረስ የሚወርድ ሰው ነው» ትላለች። ወደ ንጉሡ መሄድ ሞት ስለሆነ እዚያው ቤተ መንግሥት ሠርተው ቀሩ። የተወለደው ልጅ ነገሠ። ስለዚህ ዘሩ በእናት ቻይናዊ፣ በአባት የፀሐይ ልጅ ተባለ።

ይህን ያመጣሁት ለጌጥ አይደለም። በመንገድ ላይ የሚኖር ሕዝብ ማንነቱን ከሁለት ታላላቅ ጎረቤቶች መካከል እየቀነሰና እየደመረ የመናገር ልማድ እንዳለው ስለሚያሳይ ነው። ሳሪኮሊዎች ሁልጊዜም በሌሎች ቋንቋዎች መካከል ኖረዋል።

ለምሳሌ ሃይማኖታቸውን ተመልከቱ። የኢስማዒሊ ሺዓ ሙስሊሞች ናቸው፤ አጋ ካንን በመንፈሳዊ መሪነት ይቀበላሉ። የአካባቢው ትውፊት ይህን እምነት ወደ ፓሚር ያመጣው የ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገጣሚና ሰባኪ ናሲር ኹስራው ነው ይላል። እሱ የጻፈው በፋርስኛ ነበር፤ የእምነቱ መጻሕፍትና መንፈሳዊ ግጥሞችም በፋርስኛ ቀሩ። ስለዚህ ሳሪኮሊ የእልፍኝና የግጦሽ ቋንቋ ሆነ፣ ፋርስኛ የጸሎት፣ ኡይጉርኛ የገበያ፣ ቻይንኛ ደግሞ የቢሮ። ሰው አራት ቋንቋ መስማቱ ክፉ ነገር አይደለም። ችግሩ የራሱ ቋንቋ ከአራቱ መካከል ብቸኛው የማይጻፍ መሆኑ ነው።

ይህ ማለት ግን ቋንቋው ወረቀት ላይ ሰፍሮ አያውቅም ማለት አይደለም። በ1876 እንግሊዛዊው ሮበርት ሾው ስለ ዋኺና ሳሪኮሊ ቋንቋዎች ጥናት አሳተመ። ዘመኑ እንግሊዝና ሩስያ በፓሚር ላይ የሚፋጠጡበት ነበር፤ በ1895 ተስማምተው ተራራውን ሲካፈሉ የፓሚር ሕዝቦች በተለያዩ መንግሥታት ሥር ተከፋፈሉ። ሳሪኮል በቻይና በኩል ቀረ። ከዚያ የሶቪየቷ ምሁር ታቲያና ፓኻሊና በ1966 የቋንቋውን ጥናት፣ በ1971 ደግሞ የሳሪኮሊ-ሩስኛ መዝገበ ቃላት አወጣች። ቻይናዊው ጋኦ አርቺያንግ በ1985 የሰዋስው መግለጫ፣ በ1996 ከቻይንኛ ጋር የተያያዘ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በ2017 በኔዘርላንድ ሌይደን ዩኒቨርሲቲ የቋንቋው የዓረፍተ ነገር አወቃቀር ጥናት ለዶክትሬት ማሟያ ቀረበ።

አስተውሉ። ሩስኛ ለሚያውቅ፣ ቻይንኛ ለሚያውቅ፣ እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሳሪኮሊን የሚያስረዳ መጽሐፍ አለ። የታሽኩርጋን እረኛ ልጅ ግን በቋንቋው ፊደል ቆጥሮ የሚማርበት፣ ትምህርት ቤት የሚቀበለው መጽሐፍ የለውም። ቋንቋው ለተመራማሪው ተጽፏል፤ ለባለቤቱ አልተጻፈም።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። በ1930ዎቹ ሺንጂያንግን ይገዛ የነበረው የጦር አበጋዝ ሼንግ ሺጻይ፣ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተወዳጅቶ የሶቪየቶቹን መንገድ በመከተል የግዛቱን ሕዝብ በ14 ብሔረሰቦች መደበ። የፓሚር ሰዎች «ታጂክ» በሚለው ሳጥን ገቡ። በ1949 ሥልጣን የያዘው የኮሚኒስት መንግሥት ምድቡን ተቀበለው፤ በ1954 የታሽኩርጋን ታጂክ ራስ ገዝ ወረዳ ተቋቋመ። ዛሬ ታጂክ ከቻይና 56 ይፋዊ ብሔረሰቦች አንዱ ነው። በ2010 የሕዝብ ቆጠራ 51,069 ሰዎች በዚህ ስም ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ ሳሪኮሊ ተናጋሪዎች ሲሆኑ፣ ዋኺ የሚናገሩትም በዚሁ ስም ሥር ናቸው።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባል። «ስሙን ቻይና በግድ ጫነችባቸው» ብሎ መጮህ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይሆንም። ሳሪኮሊዎች ራሳቸውን «ቱጂክ»፣ ቋንቋቸውንም «ቱጂክ ዚቭ» ይላሉ። ቃሉ በመካከለኛው እስያ ከቱርክ ሕዝቦች መካከል የኢራን ቋንቋ የሚናገረውን ለመለየት ከጥንት ሲያገለግል ኖሯል። ስሙ የእነሱም ነው።

ጉዳቱ ያለው ስሙ የሸፈነው ነገር ላይ ነው። «ታጂክ» የሚለው ቃል በሌላ አገር ፊደል፣ ሥነ ጽሑፍና ዩኒቨርሲቲ ያለው ትልቅ ቋንቋ ስም ነው። ስለዚህ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ነገሩ ሁሉ የተሟላ ይመስላል። በ1950ዎቹ ቻይና ጽሕፈት ላልነበራቸው በርካታ ብሔረሰቦች ፊደል ስታዘጋጅ ነበር፤ ለምሳሌ የዧንግ ሕዝብ በ1957 የላቲን ፊደል ጸደቀለት። ሳሪኮሊ አልደረሰውም። ልጆቹ በኡይጉርኛ እንዲማሩ፣ የሚጽፉትም በኡይጉር ፊደል እንዲሆን ተደረገ።

ድንበር ማዶ ያሉት ዘመዶቻቸውም ብዙ አልተሻሉም። ሹግኒ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሶቪየት ታጂኪስታን የላቲን ፊደል አግኝቶ መጻሕፍት መታተም ጀምረው ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ቆመ። የፓሚር ሕዝቦችም በቆጠራ ውስጥ «ታጂክ» ተብለው ተዋጡ። ሁለት ተቀናቃኝ መንግሥታት፣ አንድ ዓይነት ውጤት።

የኡይጉርኛው ትምህርት ለጥቂት አሥርት ዓመታት ሠራ። ብዙ የተማሩ ሳሪኮሊዎች ያወጣውም እሱ ነው። ነገር ግን የኪራይ ቤት ነበር። ከ2000ዎቹ ጀምሮ የሺንጂያንግ ትምህርት ወደ ቻይንኛ ሲዞር ኡይጉርኛ ራሱ ከክፍል ወጣ። አከራዩ ሲፈናቀል ተከራዩ የት ይገባል? ዛሬ የሳሪኮሊ ልጅ ከቤት ወጥቶ በቀጥታ ቻይንኛ ውስጥ ይገባል።

በዚህ መሐል ሕዝቡ ተረስቷል ማለት አይቻልም። እንዲያውም ዝነኛ ነው። በ1963 «የበረዶ ተራራው እንግዶች» የተባለ የቻይና ፊልም ስለ ፓሚር ታጂኮችና ድንበር ጠባቂዎች ተሠርቶ አገር ምድሩ አየው። በታጂክ ዜማ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው የፊልሙ ዘፈን እስከ ዛሬ ይዘፈናል። ግን ፊልሙም ዘፈኑም በቻይንኛ ናቸው። የንስር ጭፈራቸው በ2006 በቻይና ብሔራዊ ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከንስር ክንፍ አጥንት የሚሠራው ዋሽንታቸውም በየመድረኩ ይነፋል። የካራኮረም አውራ ጎዳና በከተማቸው ያልፋል፤ በ2022 መጨረሻ አውሮፕላን ማረፊያም ተከፈተላቸው። ጎብኚ ይጎርፋል። ጭፈራው፣ ልብሱ፣ ዋሽንቱ ታይተዋል። ቋንቋው ግን ፎቶ አይነሳም።

«ታዲያ እናት ልጇ ቻይንኛ ተምሮ ሥራ ቢይዝ ትጠላለች?» የሚል ይኖራል። አትጠላም፤ ማንም እናት አትጠላም። በ3,100 ሜትር ላይ በጎች ብቻ እያረባ ልጅ ይቅር ማለት ከተማ ሆኖ ለሚጽፍ ሰው ይቀለዋል። ጥያቄው ግን «ወይ ቻይንኛ፣ ወይ ሳሪኮሊ» ተብሎ ሲቀርብ ነው የሚበላሸው። ሳሪኮሊዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ሦስት አራት ቋንቋ ይዘው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ተጨማሪ ቋንቋ አያስፈራቸውም። አዲሱ ነገር ሌላ ነው። ቤተሰቦች ወደ ቆላው የካሽጋር ሜዳ ሲሰፍሩ፣ ልጆች በአዳሪ ትምህርት ቤት ሲያድጉ፣ ቋንቋው የነበረው ብቸኛ ቤት፣ ማለትም የእናት ጓዳና የበጋው ግጦሽ፣ ይጠባል። የተጻፈ ቋንቋ ቢዳከም መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ያልተጻፈ ከአያት ጋር ይቀበራል።

አሁን ለምን እንዳነሳሁት ልንገራችሁ። ቻይና ሕዝቦቿን የመደበችበት መመዘኛ መነሻው ስታሊን በ1913 የጻፈው የብሔር ትርጉም ነው፦ የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ መሬት፣ የጋራ ኢኮኖሚ፣ የጋራ ሥነ ልቦና። ይህ የማይታወቅ ቃል አይደለም። የእኛን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ያነበበ ሰው የቅርብ ዘመዱን እዚያ ያገኘዋል። የቻይና ሕገ መንግሥትም እንደኛው እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቋንቋውንና ጽሕፈቱን የመጠቀምና የማሳደግ ነጻነት አለው ይላል። ቃሉ ያማረ ነው። ታሽኩርጋን የሚያስተምረን ግን በዝርዝር ውስጥ መግባት፣ ወረዳ ማግኘት፣ በበዓል ቀን የባህል ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ መውጣት አንድ ነገር፣ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንድ ገጽ ማንበቡ ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ነው። የመጀመሪያው ሲሟላ ሁለተኛው የተሟላ ይመስለናል፤ ጠያቂም ይጠፋል።

ስለዚህ የአንድ ሕዝብ መብት ተከበረ ሲባል ስትሰሙ ስሙን፣ ባንዲራውንና ጭፈራውን አልፋችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የሰባት ዓመቱ ልጅ ዛሬ ጠዋት ክፍል ገብቶ ያነበበው በማን ቋንቋ ነው?

የፓሚሩ ልጅ አያቱ ፀሐይን «ኸር» ስትል ሰምቷል። እስካሁን ደብተሩ ላይ አልጻፋትም።