የካርቱም ወረቀትና የሳጃና ስብሰባ

ሳጃና በካርቱም ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው፤ ስሙም በዐረብኛ የወህኒ ጠባቂዎችን ያመለክታል። ልጅነቴን ያሳለፍሁት በዚያ ነው። የኢትዮጵያውያን ስብሰባ የሚካሄደው በአማርኛ ነበርና በዐረብኛ የተማርነው ወጣቶች የቃለ ጉባኤውን ንግግር አንከተልም ነበር። ድምፅ ስጡ በተባለ ጊዜ አጠገባችን ያለውን እያየን እጃችንን እናወጣለን። እናቴ ደግሞ ማንበብ አታውቅም፤ ማስታወቂያ በተለጠፈ ጊዜ እኔ ፊደሉን ስቆጥርላት እርስዋ ትርጉሙን ትነግረኛለች። አንዱን ወረቀት ለማንበብ ሁለታችንም ያስፈልግ ነበር።

በዚያችው ከተማ ቀድሞ የተሠራው ሥራ ግን ከዚህ ይልቅ የታሰበበት ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1932 ዓ. ም. ካርቱም ከደረሱ በኋላ፣ በጠላት እጅ ወዳለው አገር ቃል የሚደርስበት መንገድ ተፈለገ። በ1928 ዓ. ም. የነበረውን ጦርነት ለሎንዶን «ታይምስ» የዘገበው እንግሊዛዊው ጆርጅ ስቲር ከኢትዮጵያውያን ጸሐፍት ጋራ «ባንዲራችን» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ አዘጋጀ፤ ወረቀትም በአውሮፕላን ይበተን ጀመር። ነገር ግን ከባላገሩ ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነበር። ስለዚህ አዋጁ የንጉሠ ነገሥቱን ማኅተም ይዞ ወረደ፤ ማኅተሙን ለማወቅ ፊደል መቍጠር አያስፈልግምና። የቀረውን አንድ ካህን ወይም ደብተራ ቢያነበው መንደሩ በሙሉ ይሰማዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ. ም. በኡሜድላ ድንበሩን ከተሻገሩ በኋላም፣ በጎጃም ምሽግ ውስጥ ያሉት ወታደሮች በድምፅ ማጉያ ይጠሩ ነበር።

የጥንቱም አዋጅ ነጋሪ ገበያ የቆመበትን ቀን የሚመርጠው ሰው ወዳለበት ለመሄድ ነው። (ነጋሪቱ መስማት ለተሳነው ምንም እንዳልነገረው ግን መዘንጋት አይገባም።) በሐምሌ 1971 ዓ. ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ቀስ በቀስ 15 ቋንቋዎችን ተጠቅሞአል፤ በዚህ ሥራ መምህራን የነበራቸውን ድካም ለዚህ መጽሐፍ አንባቢዎች መንገር አያሻም።

በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ. ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ የማውቃቸው የሳጃና ሰዎች ተበተኑ። የትኛው መንገድ እንደሚያስኬድ በስልክ ሲጠያየቁ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ፣ በአማርኛም በዐረብኛም ይላላኩ ነበር። ያን ጊዜ ማንም ቃለ ጉባኤ አልጠየቀም።

እኔ ዛሬ ዕጩ መምህራንን አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት በተካፈልሁበት አንድ የመምህራን ስብሰባ ዓይነ ስውር ለሆነው ባልደረባችን እንደ ሌላው ሁሉ የታተመ አጀንዳ ታደለው፤ እርሱም ተቀብሎ አጥፎ ያዘው። አጠገቡ የተቀመጥሁት እኔ ሦስተኛው ነጥብ እስኪደርስ ድረስ አላነበብሁለትም።