ዘጠኝ ሜትር

ስሙኝማ! መስቀል በደረሰ ቁጥር መርካቶ ጭር ይላል። ባለሱቁ ቆርቆሮውን ቆልፎ፣ ክትፎው በዓይኑ ላይ እየዞረ፣ ግማሹ በጅማ መንገድ ወደ ወልቂጤ፣ ግማሹ በሆሳዕና መንገድ ወደ ቡታጅራ ይነጉዳል። ከነዚህ አንዱን «ነጋዴው» እንበለውና፣ አንድ ዓመት ወልቂጤ ገብቶ ከአስፋልቱ ዳር ያለውን የአባቱን ቤት ዞር ዞር ብሎ አየው። «ይሄማ ሱቅ ነው!» አለ።

ወዲያው ግንበኛ ተጠራ። «ሳሎኑንና መኝታውን ቀላቅልልኝ። መሃሉ ላይ ኮሎን እንዳላይ፤ ዕቃ ማውረጃዬን ይበላብኛል።»

ግንበኛው መዶሻውን ሊያነሳ ሲል የእህቱ ልጅ፣ ገና የተመረቀ መሐንዲስ፣ «ጋሼ፣ ፈቃድ አወጡ?» አለው።

«የአባቴን ቤት ለማደስ?»

«ቤቱን ሱቅ እያደረጉት ነው እኮ! በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ አዲስ ግንባታን ብቻ አይደለም የሚያየው። ነባሩን ማሻሻልም፣ አገልግሎቱን መለወጥም ፈቃድ ይፈልጋል።»

ልጁ ሜትሩን ዘረጋ። ግድግዳው ከወጣ ጣሪያውን የሚሸከመው ቢም 9 ሜትር ያለ ድጋፍ ሊሄድ ነው። አዋጁ ደግሞ ያኔ ሕንፃን በሦስት ይመድብ ነበር። በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ወለል ቤት «ሀ» ነበር። 7 ሜትርን ካለፈ «ለ» ይሆን ነበር። የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካ፣ ወይም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ «ሐ» ነበር። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የባለሙያው ፊርማና ስሌቱም አብረው ይከብዱ ነበር።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ካርታዎን ይዘው የፕላን ስምምነት ይጠይቁ፤ ከተማው በዚህ ቦታ ምን እንደሚፈቅድ፣ ከመንገዱ ስንት እንደሚያርቅዎት ይነግርዎታል። ዲዛይኑ ከዚያ ይሠራል። ዲዛይኑን የሕንፃ ሹሙ አይቶ ሲያጸድቀው ነው መዶሻ የሚነሳው።»

ነጋዴው ወደ አባቱ ዞረ። «አባባ፣ ይሰማሉ? በገዛ ቤታችን ሹም መጣብን!»

ሽማግሌው ከከዘራቸው ቀና አሉ። «አንተ ጀፎሮ ላይ አላደግህም? ከብቱ የሚውልበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ ለቅሶው የሚቀመጥበት ሜዳ ነው። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎሮው የገፋ ሰው በሽማግሌ ፊት ቆሞ፣ በባህላዊው ሕጋችን በቂጫ ተዳኝቶ ይመልሳል። ያኔም አጥሩ የራሱ ነበር። ሜዳው ግን የሁሉም ነው። ይልቅ ልጁን ስማ፤ ከዚያ ጣሪያ ሥር የሚገበያየው የሰው ልጅ ነው።»

ነጋዴው ዝም አለ። ሌሊቱን በስልኩ ማስያ ሲደምር ሲቀንስ አደረ። ያለ ኮሎን 9 ሜትር የሚዘረጋው ቢም ወፍራም ይሆናል፣ ፌሮ ይበላል። መሃሉ ላይ አንድ ኮሎን ቢቆም ግን እያንዳንዱ ክፍት 4 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ብረቱም ይቀንሳል፣ ቤቱም ከ«ሀ» አይወጣም። ሲነጋ፣ «አቁማት» አለ።

ፈቃዱ ወጣ፣ ሱቁም ተከፈተ። ነጋዴው ኮሎኗን እስከ ዛሬ ይራገማታል፤ ጆንያ የተሸከመ ሁሉ ይጋጫታል። ነገር ግን የቡታጅራው አማቹ ደውሎ፣ «የፊቱን ግድግዳ ነገ ላፈርስ ነው» ቢለው ምን ብሎ መለሰ መሰላችሁ?

«አንተ ሰው፣ መጀመሪያ ሜትር ዘርጋ! ከ7 ይበልጣል?»