ቆፍሮ መድፈን

ፋይዳ የሌለውን ድካም አማርኛ «ውኃ ቅዳ፣ ውኃ መልስ» ይለዋል። የኢኮኖሚ ተከራካሪዎችም የራሳቸው አላቸው፦ «ጉድጓድ አስቆፍሮ መልሶ ማስደፈን»። መንግሥት «ሥራ ፈጠርኩ» ባለ ቁጥር አንዱ ተቺ ይህችን ይመዛል። ባለቤቷ እንግሊዛዊው ጆን ሜይናርድ ኬይንስ ነው ይባላል። ነገሩ ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሐሜት ነው።

ዘመኑ ክፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 መባቻ የብሪታንያ ሥራ አጥ ቁጥር 3 ሚሊዮን ተጠግቷል። የግምጃ ቤቱ ሰዎች ግን አስቀድመው አቋም ይዘዋል፤ ዊንስተን ቸርችል የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ በ1929 የበጀት ንግግራቸው፣ መንግሥት ተበድሮ ሕዝብ ቢያሠራ ይህ ነው የሚባል አዲስ ሥራ አይገኝም ብለው ነበር።

ኬይንስ በ1936 ባሳተመው ትልቁ መጽሐፉ፣ በ10ኛው ምዕራፍ፣ በእነዚሁ ሰዎች ያፌዛል። ግምጃ ቤቱ በአሮጌ ጠርሙሶች የገንዘብ ኖት ይጠቅጥቅ። ጠርሙሶቹን ሥራ ባቆመ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ይቅበርና በከተማ ቆሻሻ እስከ አፉ ይሙላው። ከዚያ ባለሀብቱ መሬቱን በጨረታ ተከራይቶ ይቆፍር፤ ሥራ አጥ የሚባል አይኖርም!

ልብ በሉ፤ እዚህ መቅበሩ ይቀድማል፣ መቆፈሩ ይከተላል። ቆፋሪውም መንግሥት ሳይሆን ነጋዴው ነው። ሐረጓ በሰው አፍ ስትዞር ተገልብጣለች።

ኬይንስ እዚያው ላይ ቤት መሥራት የተሻለ ማስተዋል መሆኑን ይጽፋል፤ ፖለቲካው አላስኬድ ካለ ግን ጠርሙሱም ከምንም ይሻላል ባይ ነው። የቀልዱ ጦር የተወረወረው ወደ ወርቅ ነው። ወርቅ ከምድር ሆድ በስንት ላብ ይወጣል፤ ወጥቶ የሚገባው ተመልሶ ባንክ ምድር ቤት ነው። ይህን ግን «ብክነት» የሚለው የለም፤ እንዲያውም ጨዋ ንግድ ነው።

«ጉድጓድ መቆፈር» የምትለዋ በ16ኛው ምዕራፍም ብቅ ትላለች። ሥራን ብቻ ሳይሆን የአገርን ገቢም ትጨምራለች ይላል፤ ወዲያው ግን አስተዋይ ማኅበረሰብ በእንዲህ ያለ ብክነት ላይ ተንጠልጥሎ መኖር እንደማይገባው ያክላል። ጠቃሾቹ ይህችን ይዘሏታል። «መልሶ መድፈን» የምትለዋ ጭራ ደግሞ በሁለቱም ቦታ የለችም።

እንግዲህ «ኬይንስ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ድፈኑ ብሏል» የሚል ሲገጥማችሁ፣ «ስንተኛው ምዕራፍ ላይ?» በሉት።