ፍሬ-ቃና ሆፕ፦ ለቤት ጠማቂ የሚሆን አዲስ ቃል

ፍሬ-ቃና ሆፕ (ስም)፦ ለቢራ የሎሚ፣ የብርቱካን፣ የማንጎ ወይም የኮክ መዓዛ የሚሰጥ የሆፕ ዝርያ። ፍራፍሬ አይጨመርበትም፤ ሽታው ከራሱ ከሆፑ ዘይት የሚወጣ ነው።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከሳሪስ እስከ ለቡ ጠላ ለበዓል፣ ለማኅበርና ለድግስ በየቤቱ ይጠመቃል። ብቅልና አሻሮ፣ ጥንስስና ድፍድፍ ለሚያውቅ ሰው ሆፕን «የፈረንጅ ጌሾ» ብሎ ማስረዳት ይቀናል። ሁለቱም መጠጡን ያመርራሉ፣ እንዳይበላሽም ያግዛሉ፤ እስከዚህ ድረስ ንጽጽሩ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያሳስታል። ከጌሾ የምንጠቀመው ቅጠሉንና እንጨቱን ነው፤ ከሆፕ የሚፈለገው የሴቴዋ ተክል አበባ፣ በተለይም በአበባው ውስጥ ያለው ቢጫ ብናኝ ነው። ጌሾ ገና ከጥንስሱ ይገባል፤ ፍሬ-ቃና ሆፕ ግን ከሁሉ በኋላ ይገባል። ስለዚህ «ሆፕ» የሚለውን ስም እንዳለ ይዘን «ፍሬ-ቃና» የሚል ቅጽል ብንጨምርበት ይሻላል። ቃና ጣዕምንም ሽታንም ስለሚይዝ ለዚህ ነገር የተመቸ ቃል ነው።

የመጨመሪያው ሰዓት ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣው ሆፕ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለያዘ ነው። አንዱ አልፋ አሲድ ይባላል። ምሬት የሚሰጠው በፈላ ብቅል ውኃ ውስጥ ረጅም ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል፣ ሲበስል ነው። ሁለተኛው መዓዛ ያለው ዘይት ነው። እሱ ደግሞ በተቃራኒው በእንፋሎት ቶሎ ይተናል። ውድ የሆነ ፍሬ-ቃና ሆፕ መጀመሪያ ላይ ጨምሮ አንድ ሰዓት ማፍላት ምሬቱን ብቻ ይዞ መዓዛውን ለቤቱ አየር መስጠት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ነገር ይታሰባል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ሙቀት ምሬት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ በሌላ አገር መመሪያ የተጻፈውን መጠንና ደቂቃ እንዳለ የተከተለ ጠማቂ የቢራው ምሬት ከታሰበው ሊያንስበት ይችላል። መፍትሔው ለምሬት የሚገባውን ሆፕ ጥቂት መጨመር ወይም ጥቂት ደቂቃ ማርዘም ነው።

ሲመረጥ ከስሙ በፊት ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ይነበብ። ካስኬድ በ1972 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለገበያ የቀረበ ዝርያ ነው፤ የአበባና የግሬፕፍሩት ሽታ አለው፤ አልፋ አሲዱ ከ5 እስከ 7 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ለጀማሪ ገር ነው። ሲትራ የማንጎና የሎሚ ቃናው ጠንካራ ነው፤ አልፋ አሲዱም ከ11 እስከ 13 በመቶ ይደርሳል። እኩል ክብደት እኩል ደቂቃ ቢፈሉ የሲትራው ምሬት የካስኬድን እጥፍ ያህላል። የኒውዚላንዱ ኔልሰን ሶቪን ደግሞ ነጭ ወይን ያስታውሳል። የምርት ዘመኑም ይታይ፤ ሆፕ ከአየር፣ ከብርሃንና ከሙቀት ካልተጠበቀ ዘይቱ ይጠፋና አይብ አይብ ይሸታል። ስለዚህ አየር በማያስገባ ማሸጊያ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ። ሆፕ ረጅም የበጋ ቀን የሚፈልግ ተክል ነው፤ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት በሚጠጋበት በእኛ አገር በደንብ አያብብም። ከውጭ የሚመጣ ነገር ደግሞ በአያያዝ ጉድለት ሲባክን ያሳዝናል።

አጠቃቀሙ ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው እሳቱ ከጠፋና ብቅል ውኃው ወደ 80 ዲግሪ ከወረደ በኋላ ጨምሮ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው። ሁለተኛው ጠማቂዎች ድራይ ሆፒንግ የሚሉት ነው፤ እኔ «ቀዝቃዛ ዝፍዘፋ» እለዋለሁ። የእርሾው መፍላት ጋብ ካለ በኋላ ለ20 ሊትር ከ40 እስከ 80 ግራም ሆፕ በተቀቀለ ንጹሕ ሻሽ ተቋጥሮ ከ2 እስከ 3 ቀን ይዘፈዘፋል። በዚህ ጊዜ ክዳኑን ደጋግሞ መክፈት አይገባም፤ አየር መዓዛውን ይገድለዋል።

ጠላ ላይ መሞከር የሚፈልግ ጌሾውን አይተው። የጠላ ጠባይ የሚመጣው ከጌሾው፣ ከእርሾውና ኮምጣጣነት ከሚሰጡት ባክቴሪያዎች ነው፤ የሆፕ መራራ አሲድ ደግሞ እነዚህን ባክቴሪያዎች ያዳክማል። ስለዚህ ሆፑ የሚገባው ጠላው ደርሶ ከተጣራ በኋላ፣ በትንሽ መጠንና ለብቻው በተቀዳበት ዕቃ ይሁን። በወይራ ጭስ በደንብ የታጠነ ጋን ለዚህ አይመችም፤ ጭሱ የፍሬውን ቃና ይሸፍነዋል። ግቢ ውስጥ ውሻ ያለው ሰው ደግሞ የሆፑን ዝቃጭ እንደ አተላ በየቦታው አይድፋ። ሆፕ ውሻን ክፉኛ ይመርዛል፣ ሊገድለውም ይችላል።

በአነጋገር ሲገባ፦ «ምሬቱን በሌላ ሆፕ አወጣሁት፤ ፍሬ-ቃናውን ለቀዝቃዛ ዝፍዘፋ አስቀመጥኩት።» ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠምቅ ሰው ሦስት ዝርያ ከሚያቀላቅል አንድ ብቻ ይምረጥ። አንዱን ለይቶ ያወቀ አፍንጫ ሁለተኛውን ከምን ጋር እንደሚያጣምር ራሱ ይነግረዋል።